«ለወንድሞችሽ ነው፣ አሳዪያቸው»

ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ትርፍ ጭኖ ነበር፣ ያው እንደተለመደው በየወንበሩ መሀል ዱካ ገብቶ ሰው ተጠጋግቶ። የሐረጎን ዳገት ግማሽ እንደወጣን ረዳቱ ስልክ ተደወለለት፣ «እሺ እሺ» ብሎ ዘጋውና ወደኛ ዞሮ «ከላይ ትራፊክ አለ፣ ዱካ ላይ ያላችሁ በአላህ ጎንበስ በሉልኝ» አለ። ሁሉም ጎንበስ አለ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ፈተው እግራቸው ስር ያጎነበሰውን ጎረምሳ ሸፈኑት፣ ከፊት የተቀመጡ ሙስበሃ የያዙ ሼህ መጋረጃውን ሳብ አደረጉ፣ እኔም ሳላስበው ቦርሳዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ትራፊኩ እጁን አወዛውዞ አሳለፈን።

ከዛ በኋላ መኪናው ውስጥ የሆነው ነገር ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው። «አልሃምዱሊላህ» «ተመስገን» ተባለ፣ ተሳሳቅን፣ እናትየዋ ልጁን «እኔን፣ ወገብህን አመመህ?» ብለው ብርቱካን ልጠው ሰጡት፣ እስከ ደሴ መናኸሪያ ድረስ እንደ ዘመድ እያወራን ገባን። አንድ ክፉ ነገር አብረን ያመለጥን ነው የመሰለን። ያመለጥነው ግን እኛው ገደል እንዳንገባ መንገድ ላይ የቆመውን ሰውዬ ነው።

እኔ መምህር ነኝ፣ ሂሳብ ነው የማስተምረው። ማጭበርበር ለምን አይጠፋም የሚለው ጥያቄ በሻይ ሰአት በየቀኑ ይነሳል፣ መልሱም ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ መንግስት ነው፣ ደሞዝ አይበቃም፣ ፈሪሃ አምላክ ጠፋ፣ ምናምን። ሁሉም ውስጥ እውነት አለ። ደሞዛችን ወር አያደርስም፣ ይሄን ማንም አይነግረኝም፣ ግን ደሞ ብዙ የሚበሉት ያጡት አይደሉም፣ ይሄንንም ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ሃይማኖትም ቢሆን ወሎ ውስጥ የማይጾም የማይሰግድ ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው ሚከብደው። ስለዚህ እነዚህ መልሶች አንድ ነገር ይጎድላቸዋል ብዬ ካሰብኩ ቆየሁ። እኔ የማየው ማጭበርበር አብዛኛው ክፋት መስሎ አይደለም የሚመጣው፣ ደግነት መስሎ ነው የሚመጣው። ለዛ ነው እምቢ ማለት የሚያቅተን።

ይሄን ያስተማረኝ አንድ የፈተና ክፍል ነው።

2010 ላይ ነው፣ ማትሪክ ፈታኝ ሆኜ ከደሴ ራቅ ወዳለች አንዲት ወረዳ ተመድቤ ሄድኩ፣ ስሟን አልጠራም ምክንያቱም ያየሁት ነገር የሷ ብቻ አልነበረም። በደረስንበት ማታ በግ ታርዶ ጠበቀን። በግድ ነው ብሉ የተባልነው፣ ቡና ተፈላ፣ አቦል ቶና በረካ፣ ዱዓ ተደረገልን፣ አንድ ሽማግሌ ደሞ ተነስተው «ልጆቻችን ልጆቻችሁ ናቸው፣ እዚህ አገር ዘንድሮ ዝናብም አልበጀን፣ እንግዲህ አደራ» አሉ። ስለ ኩረጃ አንድ ቃል ያወራ ሰው የለም። ብር የሰጠን ሰውም የለም። ጉቦ ቢሰጡን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፣ ጉቦን እምቢ ማለት ይቻላል፣ ያን ዱዓ ግን እንዴት አድርገህ እምቢ ትለዋለህ?

በማግስቱ የሂሳብ ፈተና ላይ ከአንድ በእድሜ ከሚበልጠኝ መምህር ጋር አንድ ክፍል ደረሰን። ሰውየው ለስላሳ ነው፣ ተማሪዎቹን «የኔ ልጅ» እያለ ነው የሚያወራቸው። ሶስተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ጥግ አንዲት ልጅ ነበረች፣ እርሳሷ ከማጠሯ የተነሳ በጣቷ ጫፍ ነው የያዘቻት፣ ግራ ክንዷን ወረቀቷ ላይ እንደ አጥር አጋድማ ትሰራለች። ከጥያቄ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስታሰላ አይቼ አንድ ሁለቱን በአይኔ ተከተልኩት፣ ትክክል ነበር። ጎበዝ ናት። ከኋላዋና ከጎኗ የተቀመጡት ልጆች ደሞ እርሳስ እንኳ አላነሱም፣ እሷን ነው የሚጠብቁት፣ ቦታው መቼ እንደዛ እንደተደለደለ አላውቅም። ግማሽ ሰአት እንዳለፈ ያ መምህር ወደሷ ሄዶ ጎንበስ አለና እኔ በምሰማው ድምፅ «የኔ ልጅ፣ ለወንድሞችሽ ነው፣ አሳዪያቸው» አላት።

ቀና ብላ አየችኝ። እሱን አይደለም፣ እኔን ነው ያየችው።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ውጪ አንድ አህያ ቆማ ነበር፣ እስካሁን ትዝ ትለኛለች። ስመለስ ልጅቷ ክንዷን አንስታለች። ትንሽ ቆይቶ አንሰር ሺቷ ራሱ ከእጇ ወጥቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከወንበር ወንበር ዞረ፣ ሲመለስላት አስር ደቂቃ ምናምን ቀርቶ ነበር። ወረቀት ስንሰበስብ የሷን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻዎቹን አላጠቆረቻቸውም፣ ስንት እንደሆኑ ቆጥሬ ነበር፣ አስራ አንድ። የወንዶቹ ሙሉ ነው፣ ከሷ የጎደለውን በግምትም ከሌላም አሟልተውታል። ውጤቷን አላውቅም፣ ግን ከሷ የኮረጁት ልጆች ከሷ በላይ ያመጡ ይመስለኛል።

ያ መምህር ክፉ ሰው አይደለም። አሁንም እንደዛ ነው የማስበው። ሶስት ልጅ አዝኖላቸዋል፣ ያዘነላቸው ልጆች አይኑ ስር ነበሩ። ያላየው ሌሎቹን ነው። ልጅቷን ራሷን አላየም፣ ጎበዝ ስለሆነች ምንም የሚጎድልባት አልመሰለውም። ደሞ በዛ ቀን ሌላ ክፍል ሌላ ወረዳ ላይ፣ ለጋምቦም ይሁን ደላንታ፣ በኩራዝ አጥንቶ በራሱ የሚሰራ ሌላ ልጅ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ቦታ የተቆጠረ ነው፣ በኩረጃ የገባ ልጅ ቦታውን የሚወስደው ከሱ ነው። እሱ ግን ክፍላችን ውስጥ የለም፣ በግ አላረደልንም፣ ዱዓ አላደረገልንም። ደግነታችን የሚደርሰው አይናችን የሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው።

ይሄ የኛ ወረዳ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 2008 ላይ የማትሪክ ፈተና ወረቀቱ ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ አገር አቀፉ ፈተና በጅምሩ መሰረዙን የማያስታውስ የለም። ከዛም በኋላ በየአመቱ ስርቆቱ፣ በየቴሌግራሙ መልስ ማሰራጨቱ ቀጠለ። በመጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎቹን ከየቀያቸው አንስቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ስልክ ቀምቶ ከሌላ ቦታ በመጣ ፈታኝ መፈተን ጀመረ፣ ይሄ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2015 የተሰጠው ፈተና ነው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲወጣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዛ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፣ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆኑ። በቀጣዩ አመት 3.2፣ ከዛ 5.4፣ የ2017ቱ ደሞ 8.4 በመቶ።

ቁጥሩን ያየ ሁሉ ስለ ትምህርት ጥራት አወራ፣ ትክክል ነው። በተለይ እኛ ጋ 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም ወልዲያንም ረግጦ ያለፈበት ነው፣ የተዘረፈ ላብራቶሪ፣ ወንበር የሌለው ክፍል፣ ወራት ሙሉ ሳይማር የተቀመጠ ልጅ፣ እሱን ሳይቆጥሩ ስለ ውጤት ማውራት ግፍ ነው። እኔን ግን ሌላም ነገር ቆጠቆጠኝ። ኩረጃን ለማስቆም ልጁን ከእናቱ፣ ከመምህሩ፣ ከሰፈሩ ሽማግሌ፣ በአጠቃላይ ከሚወደው ሰው ሁሉ ማራቅ ነው ያስፈለገው። ከማያውቀው ሰው ፊት ሲቀመጥ ነው ፈተናው ፈተና የሆነው። ይሄ ስለኛ ምን ይላል?

አንድ ያስተማርኩት ልጅ አለ፣ በዛ በድሮው አይነት ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንደኛው አመት ተባሮ ተመለሰ። መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ ክላስ ውስጥ ተቀምጬ የሚወራው አይገባኝም ነበር፣ ለሰው መናገር ደሞ አፈርኩ፣ አንድ አመት ሙሉ አፈርኩ» አለኝ። ሁሉም ሰው ያዘነለት ልጅ ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

ከዚህ ወጥታችሁ ቢሮ ግቡ፣ ያው ነው። የሁለት ቀን ስልጠና ተሰጥቶ የአምስት ቀን አበል ይፈረማል። አንድ የስራ ባልደረባዬ አልፈርምም አለ። ማንም በጥቅም አልተከራከረውም፣ የተባለው «አንተ ካልፈረምክ ሰነዱ አያልፍም፣ እከሊት ደሞ ልጇ ሆስፒታል ተኝቷል፣ አንተ ኩራትህን ትጠብቃለህ እሷ በምን ታሳክም?» ነው። ሶስት ቀን ቻለው፣ በአራተኛው ፈረመ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ነው የፈረምኩት። እና እውነቱን ለመናገር ሴትየዋ በጣም ቸግሯት ነበር፣ ከኪሳችን አዋጥተን መስጠት ስንችል ማንም አላሰበውም፣ ምክንያቱም ቀላሉ ደግነት የማንም ካልሆነ ኪስ የሚወጣው ነው።

የማንም ካልሆነ ስል ግን ተሳስቼ እንዳይሆን፣ የሆነ ሰው ነው። ቢሮ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» ስትባሉ ከጎን በር ደሞ አንዱ የእከሌ የአክስት ልጅ ገብቶ ጨርሶ ሲወጣ ታያላችሁ። ያስገባው ሰራተኛ ዘመዱን ረዳ፣ ቤተሰቡ ዘንድ «ወገን የሚያውቅ» ይባላል። ከወገዲ በሌሊት ተነስተው የመጡ፣ የአልጋ ብር የሌላቸው አባት ደሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን እንደያዙ ይውላሉ። እሳቸው ስሙ የማይታወቅ ሰልፈኛ ናቸው፣ ሀቃቸው ሲወሰድ ድምፅ የለውም።

በርበሬ ውስጥ ስለሚገባው ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ስለሚገባው ሙዝ አላወራም፣ እሱ ንጹህ ጭካኔ ነው፣ በዛ ላይ ብዙ ተብሏል።

ስለ ባንኩ ሌሊት ግን ላውራ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው አካውንቱ ላይ ካለው በላይ ማውጣትና መላክ ቻለ። ባንኩ በኋላ እንዳለው የሄደው ከ800 ሚሊዮን ብር ይበልጣል፣ አብዛኛው ደሞ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ። እስኪ ጊዜውን አስቡት፣ ረመዳንም አቢይ ጾምም የገቡት በዛው ሳምንት ሰኞ በአንድ ቀን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ጾም ላይ ነበር። ግማሹ ተማሪ ለሱሁር የነቃ ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ ተማሪ ነበር። እሱ አላወጣም፣ ጓደኛው ነው 3,000 ብር የላከለት፣ «ለሁላችሁም ልኬያለሁ፣ አብሽሩ» ከሚል መልእክት ጋር። ተመልከቱት፣ ልጁ ብቻውን አልበላም፣ ዶርሙን በሙሉ አሰበ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ አይነት ጓደኛ ይመረቃል። የእህቴ ልጅ ለእናቱ ደውሎ ነገራት፣ እሷም ደስ ይላታል ብሎ ነው። እህቴ ዝም አለች፣ ከዛ «በየትኛው አፍህ ልታፈጥርበት ነው?» አለችው። ሲያስረዳት፣ የማንም አይደለም የባንክ ነው፣ ሁሉም ወስዷል፣ ጓደኛዬ ይቀየመኛል ሲላት «ባንክ ያለው የኔ የሽንኩርት መነገጃ ነው፣ የጎረቤታችን የልጇ የሳውዲ ብር ነው፣ ሂድና መልስ» ብላ ዘጋችበት። መለሰ። ባንኩ በኋላ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ሲለጥፍ ጓደኛው እዛ ላይ ነበር አልነበረም አልጠየቅኩትም።

እህቴ እስከ ስምንተኛ ነው የተማረችው። እኔ ደሞ በትምህርት ቤታችን የስነ ምግባር ክበብ ተጠሪ ሆኜ ሶስት አመት ሰርቻለሁ። ግጥም እናቀርባለን፣ ሙስና ጠላት ነው የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ ሰልፍ ላይ ድራማ እናሳያለን፣ ተማሪዎቹ ከልባቸው ነው የሚሰሩት። ከዛ የሚድ ፈተና ሲመጣ ያ ግጥም ያነበበው ልጅ አጤሬራውን ካልሲው ውስጥ ከቶ ይመጣል፣ ሁለቱ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አይገናኝም። ጥፋቱ የሱ አይመስለኝም። እኛ ሙስናን የሩቅ ባለስልጣን አድርገን ነው የሳልንለት፣ ሆዱ የገፋ፣ መኪናው ያብረቀረቀ። እሱ ደሞ ለጓደኛው ማሳየትን የሚያውቀው በሌላ ስም ነው፣ መተጋገዝ ነው የሚለው። በአገር ደረጃም እንደዛ ነው፣ የስነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ከ1993 ጀምሮ ስንት ዘመን ሆነው፣ በ2016 በወጣው፣ 100 ንጹህ ማለት በሆነበት የአለም አቀፉ የሙስና መመዘኛ ግን ከ100 ያገኘነው 37 ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም በሹመኛ ላይ እንተርታለን፣ ግን ሹመኛው ሲበላ ለማን ነበር የሚያበላው? ሰፈሩን፣ ዘመዱን፣ ያገሩን ልጅ። ካላበላ «ይሄ ምን ሰው ነው፣ ወንበር ይዞ እህቱን እንኳ ያላስቀጠረ» የምንለው እኛው ነን።

ስለዚህ የማይሰርቅ ሰው አለ ወይ ስባል አለ እላለሁ፣ እናቴ ቅሬ ውስጥ። ለማታውቁት፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የእናቴ ቅሬ ገንዘብ ያዥ ማንበብ አይችሉም፣ የልጅ ልጃቸው ነው ደብተር የሚይዝላቸው። አንዴ ሲቆጠር ሀምሳ ብር ጎደለ፣ ሀምሳ ብር ዛሬ ምን ታደርጋለች፣ ማንም ሰው ከግቢው ሳይወጣ እስከ መግሪብ ተቀምጠው ስም በስም ጠርተው አገኙት፣ የአንዷ መዋጮ ሁለቴ ተፅፎ ነው። ያዥዋ እያለቀሱ ነበር። እኔ ትንሽ ነገር ነው ስላቸው «ልጄ፣ ይሄ የሰው ከፈን ነው» አሉኝ። እሳቸው ብር ሲያዩ ብር አይደለም የሚታያቸው፣ የሚሞት ሰው ነው የሚታያቸው፣ መልኩ የሚታወቅ ጎረቤት። እሳቸውን የመንግስት ካዝና ላይ ብታስቀምጣቸው ያው ይሆናሉ ወይ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። መልስ የለኝም። ግን ለእህቴ ባንክ ውስጥ ሽንኩርት እንደታያት ለሳቸውም የሚታያቸው ይመስለኛል፣ እና ይሄ ማየት የሚባለው ነገር የሚማሩት ነገር ከሆነ እኔ ሂሳብ ክላስ ውስጥ እንዴት እንደማስተምረው እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ዘንድሮ አንድ ሙከራ አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን፣ የዛው ቅሬ አባል፣ ልጇ እኔ ጋ ነው የሚማረው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ 47 አመጣ። ለ50 የጎደለችው ሶስት ማርክ ናት። ቤታችን መጣች፣ ማር ይዛ፣ እናቴ ፊት ቁጭ ብላ ቡና እየጠጣች «ሶስት ናት እኮ፣ አባቱም የለ፣ አንተ ወንድሙ አይደለህ?» አለችኝ። እናቴ እኔን አታየኝም፣ ረከቦቱን ነው የምታየው። ያኔ ያ የመስኮት ጥግ ክፍል መጣብኝ። «አልችልም» አልኩ፣ «ልጁን ግን ማታ ማታ ይምጣ፣ ላስጠናው፣ ብር አልቀበልም» አልኩ። ስኒዋን አስቀመጠች፣ ሁለተኛውን ሳትጠጣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ማሩን እናቴ በልጁ እጅ መለሰችላት።

ሰው በጣም ነው የፈረደብኝ። ጨካኝ ተብያለሁ፣ ዲግሪ ልቡን ደፍኖታል ተብያለሁ፣ አንድ ጓደኛዬ እንኳ «ሶስት ማርክ የማንን ቤት ያፈርሳል» አለኝ። የልጁ ክፍል ውስጥ 48 ያመጣች ልጅ አለች፣ እናቷ ከገጠር ናት፣ ማንን አናግራ ማን ቤት እንደምትመጣ አታውቅም፣ ስሟን ለጓደኛዬ ብነግረው ምን ያደርግለታል፣ አያውቃትም።

ልጁ በሳምንቱ መጣ። ደብተሩ ሽፋን የለውም። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ክፍልፋይ መደመር አይችልም፣ ሁሉም መምህር እያዘነ እያሳለፈው እዚህ ደርሷል፣ አስራ አንደኛ ክፍል። አሁን ሰኞና ረቡዕ ከመግሪብ በኋላ ይመጣል፣ እናቴ ቆሎ ታደርግለታለች። ትናንት አንድ ሶስተኛና አንድ አራተኛን ደምሮ ሰባት አስራ ሁለተኛ ብሎ ፃፈ፣ ከዛ እርሳሱን አስቀምጦ ትክክል ነው አይደለም ብሎ አየኝ። እናቱ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ሰላም አትለኝም።